አራተኛው ማዕዘን

እንደገና ከፈተ፣ እንደገና፣ ሦስቱ የመስኮቱ ማዕዘኖች እንደ ተጨበጠ እጅ ግጥም ብለው አራተኛው እንደ ጅል አፍ ተከፍቶ ያየዋል፣ ጀምበሩ የአውራ ጣቱን ጥፍር ወደ ክፍተቱ ይሰዳል፣ ይገባል፣ ጥፍር ከገባ ቢንቢ ይገባል፣ ቢንቢ ከገባ ንዳድ ይገባል፣ ንዳድ ከገባ፣ ተወው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያውቀዋል፣ ሁለት ጊዜ በገዛ ክንዱ ታቅፎ ወስዶ ቀብሮታል።

አርባ አምስት ነው። ይኸው፣ ቀስቷ አርባ አምስት ላይ ናት፣ ዓይኑ አልታወረ። መጋዙ ከብረት ጠረጴዛው መሐል ግማሽ ጎኑን ብቅ አድርጎ ይሽከረከራል፣ ከጎኑ በተቀደደው ቦይ ጣውላ የሚገፋ ብረት ይንሸራተታል፣ በብረቱ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቆረጠ ናስ አለ፣ በናሱ ላይ ቁጥር፣ ቀስቷን አርባ አምስት ላይ ታቆማለህ፣ ብሎኑን ታጠብቃለህ፣ ጣውላህን አስደግፈህ ትገፋለህ፣ አለቀ፣ ሁለት አርባ አምስት ሲጋጠም አንድ ቀጥ ያለ ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን አንድ መስኮት፣ ምን ያከራክራል፣ ይህን የእንጨት ቤቱ አለቃ፣ ካፖ የሚሉት ጣሊያን፣ አምና በእጁም በእግሩም እየተወራጨ አሳይቶታል። የሹማምንቱን መስኮት ሁሉ አብረው ነው የሠሩት፣ ካፖው እየለካ ጀምበሩ እየቆረጠ፣ አንድም አልከፈተ። ለራሱ ሲሆን ነው። ለራሱ ሲሆን እንጨቱም ብረቱም ይጠምምበታል።

ውጭ ሞተሩ ዱቅ ዱቅ ይላል። የመተማው የጣሊያን ሰፈር በቀትር ሙት ነው፣ ነጩ በአጎበሩ ውስጥ፣ ዘበኛው በጥላው ሥር፣ ሠራተኛው ለምሳ በየቤቱ፣ የማይተኛው ሞተሩ ብቻ ነው፣ ውሃ እየሳበ ማማው ላይ ወዳለው የብረት ገንዳ ያወጣል፣ ሞተረኛው ሷሊህ ደግሞ ያን እንደ ዘንዶ የረዘመ የጠፍር ቺንጋ ሹልክ አድርጎ ለመጋዙም ያጠልቅለታል። ገንዳው ሞልቶ እስኪፈስ ነው ያለህ ያ ዞል፣ ከዚያ ኸላስ፣ በቃ፣ ብሎታል። ያ ዞል ነው የሚለው ሁሉን ሰው፣ እንደ ሱዳኖቹ፣ አንተ ሰውዬ እንደማለት፣ የመተማ ተወላጅ ስለሆነ ግማሽ ቃሉ ከወዲያ ማዶ ነው። ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ራሱ ዛሬ ያንገበግባል፣ ቆሞ ያያላ፣ ሲበላሽ እያንዳንዷን ያያላ።

ዛሬ ካልሆነ ነገ የለም። ነገ ጎሕ ሲቀድ አማቱ አቶ ገብረማርያም በቅሏቸውን ጭነው ልጃቸውን፣ ሚስቱን አገኘሽን ይዘው ወደ ጭልጋ ይወጣሉ፣ ጓንግ ሳይሞላ፣ ወንዙ አንዴ ከሞላ እስከ ኅዳር ማዶና ማዶ መተያየት ነው። ሽማግሌው ከመጡ ጀምሮ ደጁ ላይ ባለችው የጠፍር አልጋ፣ አንገሬቧ ላይ ተቀምጠው ሰማዩን ነው የሚያዩ፣ ደመናውን ይጠይቃሉ እንጂ አማቻቸውን አይጠይቁም፣ ዛሬ ጧት ብቻ ቀና ብለው አዩትና፣ ቆላ ልጅ አይበቅልበትም ጀምበሩ፣ አሉት፣ ሁለት ጊዜ አይተኸዋል፣ ሦስተኛውን ደግሞ ለማን ብለህ ነው የምትይዘው? ሽማግሌ ናቸው፣ አባቷ ናቸው፣ የተናገሩትም ሐሰት የለበት። የመጀመሪያው ክርስትና ሳይነሳ ሄደ። ሁለተኛዋን ካሰች አሏት፣ የሄደውን ትካሰን ብለው፣ ካሰች ጥርስ አወጣች፣ ካሰች የሰፈሩን ጥሩንባ በሰማች ቁጥር በእምብርክኳ ወደ በር ትሮጥ ነበር፣ በነሐሴ አንድ ጧት ሰውነቷ እንደ ፍም ጋለ፣ በማግሥቱ፣ ተወው። ምኑን ካሰች።

አሁን ሦስተኛው በአገኘሽ ሆድ ውስጥ ነው፣ ክረምቱም ገብቷል።

አባቴ፣ አለቻቸው አገኘሽ እጇን ከገፋው ሆዷ ላይ አሳርፋ፣ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ መስኮቱን በሽቦ ከዘጋው እቀራለሁ፣ ካልዘጋው እሄዳለሁ። እንዲህ ነው ያለችው፣ ቃል በቃል፣ እሳቸውም ምን ሊሉ፣ ይሁን፣ አሉ፣ ሽቦ ንዳድን ከያዘማ ዓሣ ማጥመጃም ዝናብን ይይዛል፣ አሉና ተመልሰው ሰማዩን አዩ።

ሽቦው ከካፖው ቤት የወጣ ነው። አሮጌ፣ ጥግ ጥጉ የዛገ፣ እንደ ወንፊት የጠበበ፣ ጣሉት ሲባል ጀምበሩ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞት ሄደ። የቢንቢውን ነገር ካፖው ነበር የነገረው፣ ጣቱን እንደ መርፌ ክንዱ ላይ ተክሎ፣ ዝዝዝዝ ብሎ፣ ከዚያ ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ተንቀጥቅጦ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ወደ ጎን ጥሎ፣ ሞት፣ ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፣ ጀምበሩ አልሳቀም፣ ካሰች ከሞተች አርባዋ አልወጣም ነበር። ታዲያ ካፖው ራሱ በሽቦ ውስጥ እየተኛ ለምን ይንቀጠቀጣል? ይላል ሷሊህ፣ እውነቱን ነው፣ ካፖው ይኸው ታሞ ከተኛ ሰነበተ፣ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛ የሚጠራም የለ፣ ግን ካፖው ፀሐይ ስትጠልቅ ደጅ ተቀምጦ የሚጠጣ ሰው ነው፣ አገኘሽ አትጠጣ፣ ልጅ አይጠጣ፣ ልጅ ተኝቶ ነው የሚውል የሚያድር፣ ሽቦ ያድነዋል፣ ያድነዋል፣ ባያድነውስ፣ ዝም በል፣ ግፋ።

ቁርጥራጮቹን አንስቶ ስኳድራውን፣ የማዕዘን መለኪያውን፣ ያስጠጋል። የመጀመሪያው ማዕዘን ልክ። ሁለተኛው ልክ። ሦስተኛው ልክ። የአራተኛውን ሁለት ጫፎች ለብቻ ሲያገናኛቸው እነሱም ልክ። ለየብቻ ሲሆኑ ሁሉም ደጋግ ናቸው፣ አራቱ አንድ ላይ ሲተኙ ነው የሚካካዱት፣ እንደ ርስት ተካፋይ ወንድማማች። ይህ ምን ይባላል፣ ይህ የሰይጣን ሥራ ካልሆነ ምን ይባላል። ናሱ ይዋሻል ማለት ነው። ባለፈው ሰሞን ቀስቷን በፀጉር ያህል ወደዚህ ገፋት፣ ባሰ፣ ወደዚያ ገፋት፣ ባሰ፣ እንጨቱ እያጠረ እያጠረ ሄደና ከመስኮት ወደ ማገዶ ተለወጠ፣ ያም ዋንዛ፣ ያኛውም ዋንዛ፣ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው፣ ከእነዚህ ወዲያ ያለው እንጨት ከማዶ ጫካ ቆሞ ዝናብ የሚመታው ነው።

ብትሄድ ትሄድ እንጂ ምን ይሆናል፣ ይላል አንዱ ልቡ፣ ደጋ ናት፣ እናቷ ቤት ናት፣ ወልዳ ትመለሳለች። አትመለስም፣ ይላል ሌላው። ከካሰች ቀብር በኋላ ጓንግ እንደጎደለ ሄዳ የለም እንዴ፣ ለገና እመጣለሁ ብላ በአምናው ፋሲካ ነው የመጣችው፣ ያንን በጋ ሙሉ ጀምበሩ የሷሊህ እናት የምትልክለትን ገንፎ እየበላ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገር፣ ማታ ማታ ከሬሳ ሳጥን የማይሻል ቤት ውስጥ እየተጋደመ፣ አይደገምም፣ ያ አይደገምም። እሱ ደግሞ አብሯት አይሄድ ነገር ሰፈሩ ያለ ፈቃድ የጠፋን ሽፍታ ነው የሚለው፣ ሽፍታ የተባለን አምና ገበያው መሐል ምን እንዳደረጉት አይቷል፣ ጭልጋ ድረስ ቢሄድ የአማቱን ቤት ነው የሚያቃጥሉበት። ስለዚህ መስኮት። ሌላ የለም፣ መስኮት ብቻ።

እጁ ወደ ብሎኑ ይሄዳል። ቀስቷን በፀጉር ያህል፣ አንዲት ፀጉር፣ አይደለም፣ እንዲህ ነው እንጨቱን ሁሉ የበላው፣ ግን ሌላ ምን አለ፣ ሌላ ምን ይነካል? መጋዙ እየጮኸ እያለ ድምፁ ድንገት ይወርዳል፣ ይንገዳገዳል፣ ተመልሶ ይነሳል። ይኸው! ይኸው ነው! ሞተሩ ነው። ሷሊህ! ይጮኻል ጀምበሩ፣ ሷሊህ ባንተ ሞተር እኮ ነው፣ ይንገዳገዳል፣ ቺንጋህ ይንሸራተታል፣ መጋዙ በጎኑ እየሄደ እንጨቴን ይበላዋል!

ሷሊህ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከበሩ ይቆማል። ሞተሩ ምን አደረገህ ያ ዞል፣ ይላል፣ ሞተሩ ውሃ ይስባል፣ እኔም ሳልበላ ቆሜልሃለሁ፣ ቀስ በል፣ እንጨት በንዴት አይቆረጥም።

ቀስ በል ይለኛል። ቀስ በል። አንተ ምን ቸገረህ፣ ይላል ጀምበሩ፣ አፉ ከራሱ ቀድሞ ይላል፣ ያንተ ልጆች ከድንበሩ ማዶ ገዳሪፍ ናቸው፣ አድገዋል፣ በልተው ይተኛሉ፣ አንተ የሞተ ልጅ ታቅፈህ አታውቅ!

ቃሉ ወጥቶ እንጨት ቤቱ ውስጥ ይቆማል። መጋዙ እንኳን የሚያዳምጥ ይመስላል። ሷሊህ ጨርቁን አጣጥፎ ከኪሱ ይከታል፣ በልተው እንደሚተኙ ማን ነገረህ፣ ይላል ቀስ ብሎ፣ ድንበሩን ጣሊያን ከዘጋው ወዲህ አይቻቸው አላውቅም፣ ትንሿ አሁን ብታየኝ ሰላም ልበል ወይ ልሸሽ ሳታውቅ ነው የምትቀረው። ይልና ይወጣል። ጀምበሩ ይጠብቃል፣ አሁን ሞተሩን ያጠፋዋል፣ ማጥፋት መብቱ ነው፣ እኔ ብሆን አጠፋው ነበር፣ ያጠፋዋል። ሞተሩ ዱቅ ዱቅ ይላል። አላጠፋውም።

ይህ ይባስ። ቢያጠፋው ይሻል ነበር፣ ቢያጠፋው ጥፋቱ የሱ ይሆን ነበር፣ አሁን ሁሉም የኔ ነው፣ እንጨቱም የኔ፣ ክፍተቱም የኔ፣ ያችም ቃል የኔ። ይቅር። ይቅር በቃ፣ ትሂድ፣ ሽማግሌውም ደስ ይበላቸው፣ ሰማዩም ደስ ይበለው፣ አራቱንም እንጨት ከጠረጴዛው ላይ ይጠርጋቸዋል፣ እንደ ማገዶ ያቅፋቸዋል፣ ማገዶ ካማራቸው ማገዶ ይሁኑ፣ ጫፋቸውን ሊያስተካክል መሬቱ ላይ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋቸዋል፣ ማገዶ ያቀፈ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣

አንዱ ከፍ አለ።

እንደገና ጠቅ። ሁለቱ አጫጭር እኩል ናቸው፣ የመስኮቱ ላይና ታች የሚሆኑት። ሁለቱ ረጃጅም፣ የግራና የቀኙ፣ አንዱ ከወንድሙ በላይ ራሱን አውጥቶ ያያል። ብዙ አይደለም። የመጋዙን ጥርስ ስፋት ያህል። የመጋዙን ስፋት፣ ልክ የመጋዙን ስፋት፣ ኧረ እናቴ።

ኧረ እናቴ፣ ማዕዘኑ አይደለም። ማዕዘኑ ጥንትም ልክ ነበር። ናሱም አልዋሸ፣ ሞተሩም አልተንገዳገደ፣ ሰይጣንም ምሳውን እየበላ ነበር። መጋዝ የራሱን ስፋት ይበላል፣ ይህን የማያውቅ አናጢ አለ? እሱም ያውቃል፣ ግን ሲያሰምር አንዱን ከመስመሩ ወዲህ ቆረጠው፣ ሌላውን ከመስመሩ ወዲያ፣ መጋዙ ከአንዱ ሥጋ በላ፣ ከሌላው ትርፉን ብቻ፣ ቁመታቸው ሳይተካከል እንዴት ብለው ይግጠሙ፣ የአራቱም ጫፍ እንደ ወርቅ ቢቆረጥ አንድ እግሩ ከረዘመ አልጋ መቼ ይቆማል። ለካፖው ሲሠራ ካፖው ነበር የሚለካው፣ ይህን ሁሉ ካፖው ነበር የሚያስብለት፣ እሱ ገፋ ብቻ፣ ገፋ። ስንት ቀን ሙሉ ቀስቷን ሲነካካ፣ ልክ የሆነውን ሲያበላሽ፣ ያ ሁሉ ዋንዛ፣ ያ ሁሉ። መሳቅ ያምረዋል፣ መጋዙን በድንጋይ መምታት ያምረዋል፣ ሁለቱንም አያደርግም፣ ውሃው ሊሞላ ነው።

ወደ በሩ ይሄዳል። ሷሊህ ከሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል፣ ጀርባውን ሰጥቶታል። ጀምበሩ ከወዲያ ማዶ ቋንቋ በደንብ የሚያውቀው አንድ ቃል ነው፣ ሷሊህ እግሩን ሲረግጠውም፣ መዶሻ ሲያስጥለውም የሚለው፣ ይቅርታ እንደማለት። መሌሽ፣ ይላል ጀምበሩ። ሷሊህ ዞር አይልም። መሌሽ ሷሊህ፣ አፌ ነው፣ ረጅሙን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል። አፍህን በመጋዝ ብቆርጥልህ አርባ አምስት ላይ ነበር የማቆመው፣ ይላል ሷሊህ፣ ይነሳል።

ከሁለቱ ረጃጅም አጠር ያለውን በረዘመው ላይ ያስተኛል፣ ጀርባ ለጀርባ፣ ታችኛውን ጫፍ በጣቱ እየዳሰሰ ያስተካክላል፣ ላዩን በምስማር ጫፍ ይጭራል፣ ትርፉ ወዲያ፣ መጋዙ የሚበላው ከትርፉ ይሁን፣ ከትርፉ፣ ሦስት ጊዜ ለራሱ ይነግረዋል፣ እንደ ጸሎት። ሷሊህ ጭራውን ደግፎ ይይዛል። ግፋ። መጋዙ እንጨቱን ሲነካ ድምፁ ይቀጥናል፣ የዋንዛው ሽታ ይነሳል፣ አንዲት ቁራጭ፣ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ የሳሳች፣ ጠብ ትላለች። ያቺን ነው። ያቺን ያህል ነው ስንት ቀን እንቅልፍ የነሳው።

አራቱን ያስተኛል። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛውን ለመግጠም እጁ ይፈራል፣ ሷሊህ ነው ገፋ የሚያደርገው፣ ይገጥማል፣ ጀምበሩ ጥፍሩን ይሰዳል፣ ጥፍሩ የሚገባበት ያጣል፣ ወዲያ ወዲህ ይፈልጋል፣ ያጣል። ውጭ ገንዳው ሞልቶ ውሃው በቆርቆሮው ላይ ይፈሳል፣ ሷሊህ ኸላስ ብሎ ወደ ሞተሩ ይሮጣል።

ሽቦውን ወጥሮ በምስማር መትቶ፣ መስኮቱን ትከሻው ላይ አድርጎ በጭቃው መንገድ ይሄዳል፣ መንገዱ ረዘመበት፣ እግሩ አጠረበት፣ አሁን ይምጡና ይዩ፣ ዓሣ ማጥመጃ ያሉትን ይዩ፣ እንዲህ እላቸዋለሁ፣ አይ፣ ምንም አልላቸውም፣ ዝም ብዬ እገጥመዋለሁ፣ ሽማግሌው ጣታቸውን ይሰዱና ያጣሉ፣ አገኘሽ ትስቃለች፣ ስትስቅ አንድ ዓይኗ ቀድሞ ነው የሚስቀው፣ ነገ ጧት በቅሎዋ ሰው ሳትጭን ትሄዳለች፣ ልጁ ሲወለድ ስሙን፣ ከጠመዝማዛው ላይ ቤቱ ይታያል፣

ቤቱ ይጤሳል።

እሳት አልያዘውም። እንደ ወትሮው ነው የሚጤስ፣ አገኘሽ አንድ ነገር እያበሰለች ነው። ጭሱ ግን ከግድግዳው አናት፣ ሣሩ ጣራ ግድግዳውን ከሚያገኝበት፣ ዙሪያውን፣ ከግራም ከቀኝም ከኋላም፣ ቀስ እያለ እንደ ነጭ ጋቢ ጠርዝ ይወጣል። እጅ ያስገባል ያ ክፍተት። ክንድ ያስገባል። ጀምበሩ ጭቃው ላይ ቀጥ ይላል፣ መስኮቱ ትከሻው ላይ። ጭስ የሚወጣበት ቢንቢ ይገባበታል። ሦስት ክረምት በዚህ መንገድ ተመላልሷል፣ ይህን ቤት በዚህ ዓይኑ አይቷል፣ ጭሱን አይቷል፣ ክፍተቱን ግን አላየም፣ እሱ የጥፍር መግቢያ ሲያሳድድ ቤቱ ዙሪያውን ሜዳ ነው።

መመለስ። ወደየት። ዝም ማለት አለ። አዎ፣ ዝም ማለት አለ፣ ማን አየ፣ ቃል ቃል ነው፣ መስኮቱን ከዘጋው እቀራለሁ አለች፣ ዘጋው፣ ትቀራለች፣ ጣራውን ከነገ ጀምሮ ይደፍነዋል፣ በዚህ ዝናብ? ጭቃ በማይደርቅበት ሰኔ? እስኪደርቅ ነሐሴ ይገባል። ነሐሴ። ሰውነቷ እንደ ፍም የጋለው በነሐሴ ነው። ዝም ማለት አለ፣ ግን እግሩ እየሄደ ነው፣ ሽማግሌው ከአንገሬባቸው ቀና ብለዋል።

አቶ ገብረማርያም ይነሳሉ፣ መስኮቱን ከትከሻው ያወርዱለታል፣ ያገላብጡታል፣ ጣታቸው አራቱንም ማዕዘን ይጎበኛል፣ አንዱ ጋ፣ አራተኛው ጋ፣ ይቆያል፣ ያልፋል። እጅህ ይባረክ፣ ይላሉ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም፣ በቃ ቃል ቃል ነው፣ እኔ ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ። አገኘሽ ከበሩ ቆማለች፣ እጇ በአመድ ነጥቷል፣ ለመንገድ ስንቅ ቆሎ እየቆላች ነበር፣ ለአባቷ ይሁን ለሁለት ሰው አይታወቅም። ገጠመ? ትላለች። ገጠመ፣ ይላል። እንግዲህ እቀራለኋ፣ ትላለች። ይኸው፣ ያለችው ነው፣ የፈለገው ቃል ነው፣ ከአፏ ወጣ፣ ዓይኗ ግን አልሳቀም፣ አንዱም።

ሂጂ፣ ይላል ጀምበሩ።

ሁለቱም ያዩታል። ሂጂ ከአባትሽ ጋር፣ ይላል፣ ጣራውን አይተሽዋል? ጭሱ የሚወጣበትን? እሱን ሳልደፍን መስኮት ምን ያደርጋል፣ አሁን ከመንገድ ሳየው ነው የገባኝ። የአገኘሽ ትከሻ ሲወርድ ያያል። ስንት ቀን ወደ ላይ ይዛው እንደኖረች ያኔ ያውቃል፣ ሲወርድ፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው። ደጃፉ ላይ ቁጭ ትላለች። አሁን ገና አየኸው? ትላለች፣ ጭሱ ዓይኔን ሲያጠፋው በየት የሚወጣ መስሎህ ነበር።

ታውቂ ኖሯል።

እኔ አይደለሁ የማጤሰው።

ታዲያ ለምን አትነግሪኝም! ንዴቱ እንደገና ይመጣል፣ ለምን መስኮቱን ብቻ ትያለሽ፣ ስንት ቀን ሙሉ ከዚያ መጋዝ ጋር ስጣላ፣ ሷሊህን ያህል ሰው አስቀይሜ! አገኘሽ አመዱን ከእጇ ታራግፋለች። ካሰች ከሄደች ወዲህ እኮ፣ ትላለች፣ እጅህ አንድ ነገር አጥብቆ ሲይዝ ያየሁ በዚህ መስኮት ነው፣ ጣራውን ብነግርህ ሁለቱንም ትጥላለህ ብዬ ፈራሁ። ትቀሪ ነበር ወይ? ይላታል። አላውቅም፣ ትላለች፣ ብቀርም እፈራ ነበር፣ ብሄድም እፈራለሁ፣ ቃል ስላወጣሁ ግን እቀር ነበር መሰለኝ። አቶ ገብረማርያም ይህን እንዳልሰማ ሰው ወደ በቅሏቸው ይሄዳሉ፣ ኮቴዋን አንስተው ማየት ይጀምራሉ፣ ያዩትን ኮቴ ደግመው ያያሉ።

ኅዳር ላይ ጓንግ ሲጎድል መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ይላታል፣ ፈቃድ ከሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም። ትመጪያለሽ? እመጣለሁ። ያን ጊዜም ብለሽ ነበር። ያን ጊዜ ባዶ እጄን ነበር የሄድኩት፣ ትላለች፣ ምን የሚያመጣኝ ነበር። ከዚህ በላይ አይጠይቃትም፣ ከዚህ በላይ ብትነግረውም አይጨብጠውም፣ በቅሎዋ ጆሮዋን ትሰብቃለች፣ ዝናቡ ከማዶው ኮረብታ ወርዶ እየመጣ ነው።

ግጠመው እስቲ፣ ትላለች፣ ሳልሄድ ልየው።

በውጭ በኩል ይቆማል፣ መስኮቱን ወደ ግድግዳው ቀዳዳ ይገፋዋል፣ ዙሪያውን በእርጥብ ጭቃ ይመርገዋል፣ በመዳፉ፣ በጣቱ፣ እሷ በውስጥ በኩል መጥታ ፊቷን ወደ ሽቦው ታስጠጋለች፣ አፍንጫዋ ሽቦውን ይነካል፣ ንፋሱስ ይገባል፣ ትላለች እየተገረመች። ይገባል፣ ይላል፣ ንፋስ ብቻ ነው የሚገባ። እንግዲህ ጣራውን እስክትመጪ ዙሪያውን እደፍነዋለሁ፣ አንዲት ቀዳዳ አልተውለትም። አገኘሽ ከሽቦው ጀርባ ታስባለች። ዙሪያውን? ትላለች። ዙሪያውን። ጭሱስ? በየት ይውጣ?

ጀምበሩ እጁ ጭቃ እንደያዘ ይቀራል። ይህን አላሰበም። የመጀመሪያው ዝናብ ጀርባው ላይ ይወርዳል፣ ከሽቦው ወዲያ አንድ ዓይኗ ቀድሞ መሳቅ ይጀምራል፣ ቆይ፣ ይላታል፣ አትሳቂ፣ ማድ ቤቱን ለብቻ፣ ከጓሮ በኩል፣ እንደ ዳስ ያለ፣ አራት ቋሚ ካገኘሁ፣ ሷሊህ አንድ ቆርቆሮ አያጣ፣ ቆይ አትሳቂ፣ በሩን ወዲያ አዙሬ ንፋሱ ከዚያ ስለሚመጣ